ስቲቭ ክላሪጅ፦ ክለብ ያበዛ ተጫዋች ለምን ይናቃል?

የሜዳው ዳር፦

በዚህ መድረክ ላይ «በየዓመቱ ክለብ የሚቀይር ተጫዋች አይረባም» የሚል ፍርድ ደጋግሜ አነባለሁ፤ ሁልጊዜም ያናድደኛል። ለዚህ ፍርድ መልስ የሚሆነኝ አንድ እንግሊዛዊ አጥቂ አለ። ስቲቭ ክላሪጅ ይባላል። ብዙዎቻችሁ ስሙን አልሰማችሁት ይሆናል፤ የሌስተር ሲቲ ደጋፊዎች ግን እስካሁን በፍቅር ያነሱታል።

በ1966 በወደብ ከተማዋ ፖርትስማውዝ ተወለደ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ፋርሃም ታውን በሚባል የሰፈር ክለብ ጀመረ፤ በ1984 ቦርንማውዝ ወሰደው፤ እዚያ ብዙም ሳይሰለፍ ከአራቱ የፕሮፌሽናል ዲቪዚዮኖች ውጭ ወደነበረው ዌይማውዝ ወረደ። በ1988 ክሪስታል ፓላስ ቢያስፈርመውም አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያሰልፈው ለአልደርሾት ሰጠው። 22 ዓመቱ ነበር። በዚህ ዕድሜ ሁለት ክለብ የገፋው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። እሱ ግን ከዚያ በኋላ ካምብሪጅ፣ ሉተን፣ በርሚንግሃም፣ ሌስተር፣ ወልቭስ፣ ፖርትስማውዝ፣ ሚልዎል፣ ብራይተን፣ ብሬንትፎርድ፣ ዊኮምብ፣ ጊሊንግሃም፣ ብራድፎርድና ዋልሳል እያለ ቀጠለ። በአራቱም ዲቪዚዮኖች ግብ አስቆጥሯል።

ዝውውሮቹን ስመለከት የገረመኝ ወሩ ነው። ካምብሪጅ የገዛው በፌብሩዋሪ 1990፣ በርሚንግሃም በጃንዋሪ 1994፣ ሌስተር በማርች 1996፣ ፖርትስማውዝ በውሰት የወሰደው በጃንዋሪ 1998፣ ወልቭስ በማርች 1998፣ ሚልዎል በማርች 2001 ነው። እነዚህ ወራት በእንግሊዝ የውድድር ዘመኑ የሚጨነቅባቸው ናቸው፤ አንዱ ለማደግ ይሮጣል፣ ሌላው ላለመውረድ ይታገላል። አሰልጣኝ በዚህ ሰዓት ለሙከራ ሰው አይገዛም። የሚያስፈልገው ዛሬ ገብቶ ቅዳሜ የሚሰለፍ፣ ቋንቋውንም ቀዝቃዛውን ሜዳም የለመደ፣ ተከላካይ ቢመታው የሚነሳ አጥቂ ነው። ክላሪጅ ክለብ ያበዛው ማንም ስላልፈለገው አልነበረም። በጭንቅ ጊዜ ሁሉም ወደ እሱ ስለሚደውል ነው።

ካምብሪጅ በ75,000 ፓውንድ ገዝቶት በዚያው ዓመት ከአራተኛው ዲቪዚዮን አደገ፤ በተከታዩ ዓመት የሦስተኛው ሻምፒዮን ሆነ። ሌስተር በመጣ በሦስተኛው ወር ፕሪሚየር ሊግ ገባ። ሚልዎልም በ2001 ሻምፒዮን ሆኖ አደገ። እስኪ የእናንተን ሐሳብ ልስማ።

ቀይ ካርድ፦

ወንድሜ፣ ጥሩ አድርገህ ጽፈሃል፤ ነገር ግን የመረጥካቸው ያደጉትን ብቻ ነው። በርሚንግሃም በጃንዋሪ 1994 ከገዛው በኋላ ምን ሆነ? በዚያው ዓመት ወረደ። ወልቭስስ? 350,000 ፓውንድ ከፍሎ አምስት የሊግ ጨዋታ አሰልፎት አንድም ግብ አላገኘም፤ በጥቂት ወራት ውስጥ በኪሳራ ለፖርትስማውዝ ሸጠው። ወሩን መቁጠር ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን ሁሉንም ወር እንቁጠር።

ሌላም ነገር አለ። ክላሪጅ ራሱ በአደባባይ እንደተናገረው ለብዙ ዓመታት የቁማር ሱሰኛ ነበር፤ ያገኘውን ገንዘብ በፈረስ ውርርድ ይጨርስ ነበር። አዲስ ክለብ ማለት ደግሞ አዲስ የፊርማ ገንዘብ ማለት ነው። ይህን ሳናነሳ ዝውውሩን ሁሉ የክለቦች ጥሪ ብቻ ማድረግ ሚዛናዊ አይመስለኝም።

የሌስተር ጎረቤት፦

እኔ የምኖረው ሌስተር ነው፤ ስለዚህ ስለ ሜይ 27 ቀን 1996 ሳልናገር አላልፍም።

የፕሌይ ኦፍ ፍጻሜ ነው፤ ዌምብሌይ። ያሸነፈ ፕሪሚየር ሊግ ይገባል፣ የተሸነፈ እዚያው ይቀራል። ተጋጣሚው ክሪስታል ፓላስ ነው፤ ያ በ1988 አንድ ጨዋታ እንኳ ሳያሰልፈው የሸኘው ክለብ። ፓላስ በአንዲ ሮበርትስ ግብ ቀደመ። ሌስተር እስከ 76ኛው ደቂቃ ሲባዝን ቆይቶ ሙዚ ኢዜት በተጠለፈበት ፍጹም ቅጣት ምት ጋሪ ፓርከር አቻ አደረገ። ተጨማሪው ሰዓትም ያለ ግብ ሊያልቅ ሆነ። አሰልጣኙ ማርቲን ኦኒል ለመለያ ምት ብሎ ግብ ጠባቂውን ኬቪን ፑልን አስወጥቶ ሁለት ሜትር ያህል የሚረዝመውን አውስትራሊያዊ ዜልኮ ካላችን አስገባ። ሁሉም ሰው ልቡን ለመለያ ምቱ አዘጋጅቷል።

በዚያች የመጨረሻ ደቂቃ ሌስተር ቅጣት ምት አገኘ። ፓርከር ወደ ውስጥ ላካት፤ ጁሊያን ዋትስ ጋር ደረሰች፤ ከዚያ ወደ ክላሪጅ መጣች። ከፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ውጭ ቆሞ ነበር። እንደመጣች መታት። በትክክል እንዳልመታት በምስሉ ላይ በግልጽ ይታያል፤ ኳሷ ያረፈችው ቅልጥሙ ላይ ነው። ግን በረረችና ከግቡ የላይኛው ማዕዘን ገባች። የፓላሱ ግብ ጠባቂ ናይጀል ማርቲን ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። በሜዳው የነበረው ሰው ለአንዲት ቅጽበት ኳሷ የት እንደደረሰች አልገባውም ነበር ይባላል፤ ምስሉን ስታዩት ታምናላችሁ። 2 ለ 1።

እዚህ ከተማ ውስጥ ዕድሜው ከ40 በላይ የሆነ ሰው ስታገኙ «ክላሪጅ» በሉ። ስለ ቅልጥሙ ሳይነግራችሁ አይለያችሁም።

በማግስቱ ዓመት በፕሪሚየር ሊግ 12 ግብ አስቆጥሮ ሌስተር 9ኛ ሆኖ ጨረሰ። የሊግ ዋንጫውን ፍጻሜ ደግሞ ከሚድልስብሮ ጋር አደረጉ። ሚድልስብሮ ራቫኔሊን፣ ጁኒንዮንና ኤመርሰንን የያዘ ባለጠጋ ቡድን ነበር። በዌምብሌይ 1 ለ 1 ወጡ፤ ጨዋታው በሼፊልድ ሂልስብሮ ሜዳ ተደገመ። ስዊድናዊው ፖንተስ ካማርክ ጁኒንዮን እንደ ጥላ ተከተለው። በተጨማሪው ሰዓት በ100ኛው ደቂቃ ስቲቭ ዋልሽ በጭንቅላቱ ያመቻቸለትን ኳስ ክላሪጅ መሬት ሳትነካ መትቶ አስገባ። 1 ለ 0። ሌስተር ከ1964 ወዲህ ያገኘው የመጀመሪያ ትልቅ ዋንጫ ነበር፤ በእሱም ወደ አውሮፓው የዩኤፋ ዋንጫ ተሻግሮ ከአትሌቲኮ ማድሪድ ጋር ተጫወተ። ካልሲውን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጥሎ የሚሮጥ፣ ሸሚዙ የሚንዘላዘል አጥቂ ነው ይህን ያደረገው።

ባለ 9 ቁጥር፦

የሌስተሩ ወንድማችን ሲጽፍ ሰውነቴ ቆመ።

ወደ ዝውውሩ ልመለስ፤ ምክንያቱም የሰውየውን ጠባይ ብቻ ይዘን ሥርዓቱን የረሳን ይመስለኛል። ዛሬ የዝውውር መስኮት አለ፤ በክረምትና በጃንዋሪ ተከፍቶ ይዘጋል። ይህ በእንግሊዝ የተጀመረው በ2002/03 የውድድር ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ክለቦች ከኦገስት ጀምሮ እስከ ማርች መጨረሻ ሳምንት ድረስ ባሻቸው ቀን መግዛት ይችሉ ነበር። ስለዚህ የማርች ዝውውሮቹ በአጋጣሚ የመጡ አይደሉም፤ በሩ ሊዘጋ ሲል አሰልጣኙ የመጨረሻ ስልኩን ይደውላል።

በታችኛው ዲቪዚዮን የተጫዋች ኑሮ በውል ርዝመት ይለካል። ብዙው ተጫዋች የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ውል አለው። ውድድሩ ሲያልቅ ሜይ ላይ ክለቡ የሚያስቀራቸውንና የሚለቃቸውን ዝርዝር ያወጣል። ስምህ ከለቀቁት መካከል ከሆነ ውልህ ሲያልቅ ደመወዝህም ይቆማል፤ ቤት ተከራይተህ ልጅ ትምህርት ቤት አስገብተህ ከሆነ ደግሞ ጓዝህን ጠቅልለህ ሌላ ከተማ ነው። ከ1995ቱ የቦስማን ፍርድ በኋላ ውሉ ያለቀ ተጫዋች ያለ ክፍያ መሄድ ቻለ፤ ለከዋክብቱ ሀብት አመጣ፣ ለታችኞቹ ግን ክለቡ «ኋላ እሸጠዋለሁ» ብሎ እንዳይይዛቸው አደረገ። በዚህ ላይ የአጭር ጊዜ ውሰት ነበር። ክለብ በውድድር ዘመኑ መካከል ተጫዋች ከሌላ ክለብ ለአንድ ወር ያህል መውሰድ ይችል ነበር፤ ይህ አሠራር በ2016 ቀርቷል። የአንድን ተጫዋች ክለቦች ብዙ ከሚያስመስሉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። በእኛም ሊግ በአጭር ውል ምክንያት በየክረምቱ ቡድኖች ከሥር መሠረታቸው ሲቀያየሩ እናያለን፤ ተጫዋቹን «ታማኝ አይደለም» ከማለታችን በፊት ውሉን ማን አሳጠረው ብለን እንጠይቅ።

የሜዳው ዳር፦

ባለ 9 ቁጥር፣ እጅህ አይንጠፍ።

ለቀይ ካርድ መልስ አለኝ። በርሚንግሃም በ1994 ወረደ፣ እውነት ነው። ግን በተከታዩ ዓመት ክላሪጅ በሊጉ 20 ግብ አስቆጥሮ ቡድኑ ሻምፒዮን ሆኖ ተመለሰ፤ በዚያው ዓመት የታችኞቹ ዲቪዚዮኖች ክለቦች የሚወዳደሩበትን ዋንጫ በዌምብሌይ ከ76,000 በላይ ሰው ፊት ከካርላይል ወሰደ። ሌስተር 1.2 ሚሊዮን ፓውንድ የከፈለው ይህን አይቶ ነው። በጃንዋሪ 1998 በውሰት የሄደበት ፖርትስማውዝም በመጨረሻው ቀን ከመውረድ ተርፏል። ወልቭስን ግን አልከራከርህም፤ እዚያ ምንም አልሠራም።

ቁማሩንም ማንሳትህ ተገቢ ነው። ግን ከካምብሪጅ ወደ ሉተን፣ ከሉተን ተመልሶ ወደ ካምብሪጅ የሄደበትን ታሪክ ተመልከት፤ ምክንያቱ ገንዘብ አይደለም። የካምብሪጅ አሰልጣኝ ጆን ቤክ ነበር፤ በእንግሊዝ እንደ እሱ ያለ አሰልጣኝ ከስንት አንድ ነው። ተጫዋቾቹ ከጨዋታ በፊት ቀዝቃዛ ውኃ በባልዲ ይደፋባቸው ነበር። በሜዳው አራት ማዕዘኖች ያለው ሣር ሳይታጨድ እንዲረዝም ያደርግ ነበር፤ ረጅሙ ኳስ ወደዚያ ሲጣል ከሜዳ ሳይወጣ እንዲቆም። አጥቂ ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ ወደ ማዕዘኑ መሮጥና ማሻገር። ክላሪጅ ደግሞ ኳስ ይዞ ወደ ውስጥ መግባት ይወዳል። በዚህ ተጣሉ፤ ጠባቸው የቃላት ብቻ አልነበረም። በ1992 ክረምት ለሉተን ተሸጠ። በኦክቶበር ቤክ ተባረረ። በኖቬምበር ካምብሪጅ ክላሪጅን መልሶ ገዛው። አንድ ክለብ የሸጠውን ሰው በጥቂት ወር ውስጥ መልሶ የሚገዛው አጥፊ ሆኖ ስላገኘው ይሆን?

ከሙስካት፦

እኔ ሙስካት ነው የምኖረው፤ ወሬያችሁ ወደ ጆን በሪጅ ወሰደኝ። በሪጅ እንግሊዛዊ ግብ ጠባቂ ነው፤ ከክላሪጅ ይበልጥ ክለብ ያዳረሰ ሰው ቢኖር እሱ ነው። ዎርኪንግተን ከሚባል ትንሽ ክለብ ተነስቶ በ30 ገደማ ክለቦች ተዘዋውሯል፤ በ1977 ከአስቶን ቪላ ጋር የሊግ ዋንጫ አግኝቷል፤ በ1995 ለማንቸስተር ሲቲ ሲሰለፍ 43 ዓመቱ ነበር፤ በፕሪሚየር ሊግ ታሪክ ከእሱ የሚበልጥ ዕድሜ ኖሮት የተጫወተ የለም።

እዚህ ኦማን የሚታወቀው ግን በሌላ ነው። ከተጫዋችነት በኋላ የኦማን ግብ ጠባቂዎች አሰልጣኝ ሆኖ መጣ፤ በአውሮፕላን ማረፊያው የእሳት አደጋ ሠራተኛ የነበረውን ወጣት ዓሊ አል ሐብሲን አየው። ልጁ በኖርዌይ በኩል አድርጎ ቦልተን ደረሰ፤ ከዚያ ወደ ዊጋን ሄደ፤ ዊጋን በ2013 የኤፍ ኤ ዋንጫን ሲያነሳ የቡድኑ አባል ነበር። የአገሬው ሰው ስለ አል ሐብሲ ሲያወራ በሪጅን ሳያነሳ አያልፍም። 30 ክለብ ያየ ሰው ጥሩ ግብ ጠባቂ ምን እንደሚመስል በአንድ እይታ ያውቃል ብዬ አምናለሁ።

ቀይ ካርድ፦

እህቴ፣ ግሩም ታሪክ ነው፤ አል ሐብሲን አውቀዋለሁ፣ የበሪጅን ድርሻ ግን አልሰማሁም ነበር።

ስለ ክላሪጅ ግን ገና አልተስማማሁም። 1000 ጨዋታ ተጫወተ ሲባል ሰምታችኋል አይደል? ያ ቁጥር ከአራቱ ዲቪዚዮኖች ውጭ በዌይማውዝ ያደረጋቸውን ጭምር ይቆጥራል። የእንግሊዛዊው ግብ ጠባቂ የፒተር ሺልተን ቁጥር ግን በሊግ ጨዋታዎች ብቻ ከ1000 በላይ ነው። ሁለቱን አንድ ማድረግ አይቻልም። ክለብ በመቀያየር ጸንቶ ግብ የማስቆጠር ነገር ከሆነ ደግሞ የእኔ ሰው ጄሚ ኩሬተን ነው። ኖርዊች፣ ብሪስቶል ሮቨርስ፣ ሬዲንግ፣ ደቡብ ኮሪያ ቡሳን ሳይቀር ሄዶ፣ በ2006/07 በኮልቸስተር የሻምፒዮንሺፑ (የሁለተኛው ዲቪዚዮን) ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ሆነ፤ 23 ግብ። ኮልቸስተር በዚያ ደረጃ የመጀመሪያ ዓመቱ ነበር! ዕድሜው 40 ሞልቶትም በዳግናም በአራተኛው ዲቪዚዮን ግብ ያገባ ነበር።

የሜዳው ዳር፦

ኩሬተን የራሱ የውይይት ክር ይገባዋል፤ ክፈተው፣ የመጀመሪያው መላሽ እኔ ነኝ።

ሺልተን ግብ ጠባቂ ነበር፤ ክላሪጅ በየሳምንቱ በሁለት ተከላካዮች መካከል የሚገፈተር አጥቂ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ በ2001 ክረምት የሚልዎሉ ግብ አስቆጣሪ ኒል ሃሪስ ካንሰር እንዳለበት ታወቀ። የአጥቂውን መስመር የመሸከም ዕዳ በ35 ዓመቱ ክላሪጅ ላይ ወደቀ። አዲስ ያደገው ሚልዎል በዚያ ዓመት 4ኛ ሆኖ ለፕሪሚየር ሊግ ፕሌይ ኦፍ ደረሰ። ይህን ሳስብ የ1000ው ቁጥር አከፋፈል ብዙም አያስጨንቀኝም።

ግን ስለ 1000ኛው ጨዋታ ካነሳህ ቀኑን ልንገርህ። ዋልሳልን ሲለቅ 999 ላይ ቆሞ ነበር፤ 40 ዓመት ሞልቶታል፤ የሚያሰልፈው ጠፋ። በመጨረሻ በሩን የከፈተለት ቦርንማውዝ ነው፤ በ1984 ያስፈረመው የመጀመሪያው የሊግ ክለብ። ዞሮ ዞሮ ከቤት ይሉታል ይህ ነው። ዲሴምበር 9 ቀን 2006 ከፖርት ቬል ጋር ተሰለፈ። ቦርንማውዝ 4 ለ 0 ተሸነፈ። ፊልም ቢሆን ኖሮ በመጨረሻው ደቂቃ በቅልጥሙ ያገባ ነበር።

የሌስተር ጎረቤት፦

ያን ዕለት እዚህ ያሉ የሌስተር ደጋፊዎችም ውጤቱን ይከታተሉ እንደነበር ሰዎች ነግረውኛል። ቦርንማውዝ ስላሰለፈው እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ቀይ ካርድ፦

በተጫዋችነቱ በከፊል አሳምናችሁኛል። አሰልጣኝነቱስ? በኦክቶበር 2000 የትውልድ ከተማው ክለብ ፖርትስማውዝ ተጫዋችና አሰልጣኝ አደረገው፤ በፌብሩዋሪ 2001 የክለቡ ባለቤት ሚላን ማንዳሪች አነሳው። በ2005 ሚልዎል ሾመው፤ አንድም የውድድር ጨዋታ ሳይመራ በ36 ቀን ተሰናበተ። ይህም የክለቦች ጥሪ ነው?

ባለ 9 ቁጥር፦

ቀይ ካርድ ወንድሜ፣ 36 ቀን የአሰልጣኝ ውድቀት ሊባል አይችልም፤ ክለቡ በዚያ ክረምት የቦርድ ሊቀመንበሩ ተቀይሮ እሱን የሾመው ሰው ሥልጣን ላይ አልነበረም። ምን ሊያሳይ ይችላል?

የሜዳው ዳር፦

ፖርትስማውዝ ግን ያሳዝነኛል፤ የተወለደበት፣ ከሕፃንነቱ የሚደግፈው ክለብ ነበር፤ ጥቂት ወራት ብቻ ሰጡት። ማንዳሪች በእነዚያ ዓመታት አሰልጣኝ በማባረር የታወቀ ነበር፤ ከክላሪጅ በፊት ቶኒ ፑሊስን፣ ከእሱ በኋላ ግራሃም ሪክስን አሰናብቷል። ፑሊስ ኋላ ስቶክ ሲቲን ፕሪሚየር ሊግ አስገብቶ ለዓመታት አቆየው። በማንዳሪች መባረር የችሎታ ማነስ ምስክር አይሆንም።

ቀይ ካርድ፣ ያልጠቀስከው አንድ ክለብ አለ፤ ሳሊስበሪ። የድሮው ሳሊስበሪ ሲቲ በ2014 በዕዳ ከሊጉ ወጥቶ ፈረሰ። ክለቡን በአዲስ ስም ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ክላሪጅ ነው፤ አሰልጣኙም እሱ ሆነ። በ2015/16 ከእንግሊዝ ሊጎች መሰላል ዘጠነኛ ደረጃ ጀምረው የዌሴክስ ሊግን አሸነፉ፤ በዚያው ዓመት የታችኞቹ ክለቦች ዋንጫ በሆነው ኤፍ ኤ ቬዝ ለግማሽ ፍጻሜ ደረሱ። ቴሌቪዥን የለም፣ ትልቅ ገንዘብ የለም፤ ትንሽ ሜዳና ክለባቸውን ያጡ ደጋፊዎች ናቸው ያሉት። ያ በየጃንዋሪው ሻንጣውን የሚያነሳ ሰው እዚያ እስከ 2022 ቆየ።

ቀይ ካርድ፦

የሳሊስበሪውን አላውቀውም ነበር፤ እሱን አንብቤ እመለሳለሁ። የኩሬተንን ክር ግን ዛሬ ማታ እከፍታለሁ፤ ከሙስካት፣ አንቺም ስለ በሪጅ ለብቻው ጻፊልን።